በፎዚያ ስም የነበረው ቁልፍ

ሱረያ የምትጠብቀውን ማሽን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ባሕር ማዶ፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ፣ ከብዙ መሰሎቹ ጋር ተደርድሮ እንደሚኖር ታውቃለች እንጂ ቀለሙ ጥቁር ይሁን ግራጫ መናገር አትችልም። እሷ መካ ላይ፣ በአባቷ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ በላፕቶፕ ታዘዋለች። ከመንካቷ በፊት ድምፅዋን አውጥታ «ቢስሚላህ» ትላለች። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ቃላት ትጽፋለች፤ ማሽኑም ከባሕር ማዶ መልስ ይሰጣታል።

እናቷ ሀጀር አጠገቧ ቁጭ ብለው ያዩዋታል።

«ዛሬስ ምን አለሽ?»

«ደህና ነኝ ብሏል፣ እምዬ።»

«እኔን አልጠየቀም?»

«ሰላም በያት ብሏል።»

«አይ እንግዲህ! ይኸን ሁሉ ዓመት ስትቀልቢው አንድ ቀን እንኳ ቤት አልመጣ» ይላሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

የሱረያ አያት ከወሎ ለሐጅ መጥተው መካ የቀሩ ሰው ናቸው። አባቷ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ልብስ ሰፍተው ልጆቻቸውን አሳደጉ። እሷ ደግሞ ኮምፒዩተር ተማረችና ለዑምራ እንግዶች ክፍል የሚያከራይ ድርጅት የሚጠቀምበትን ድረ ገጽ ከቤቷ ሆና የምትጠብቅ ሠራተኛ ሆነች። ባሏ አቡበከር የእንግዶች አውቶቡስ ይነዳል። ማርዋ የምትባል ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሁለተኛው ልጅ በሆዷ ነው። አማርኛውን ከእናቷ አፍ ወሰደችው። ፊደሉን ግን ማንም አላስተማራትም፤ በገዛ ራሷ ጉጉት ለቅማ ነው ያወቀችው። ፊደል ለቅሞ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ስለምታውቅ ይሆናል፣ ጀሚላን ገና እንዳገኘቻት የወደደቻት።

ጀሚላ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ የወረኢሉ ሴት ናት። ማንበብ የቻለችው ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ጉለይል በሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር የተከራዩት አንድ ቤት አላቸው፤ በየጁምዓው ዕረፍት ያገኘችው ሁሉ እዚያ ትሰበሰባለች። ጀሚላ በዚያ ቤት ምንጣፍ ላይ ቁጭ አድርጋ ፊደል ታስተምራለች። ማዳማቸው ዕረፍት የማትሰጣቸው ግን መምጣት አይችሉም። አንድ ሰርግ ላይ ከሱረያ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ጀሚላ ይህን ስታጫውታት፣ ሱረያ «በድምፅ ቅጂልኝ፤ እኔ ቦታ አበጅለታለሁ» አለቻት። በዚያ ባሕር ማዶ ማሽን፣ ሰርቨር በሚሉት ላይ፣ ትንሽ ጣቢያ ከፈተች፤ በዚህ ተጀመረ። ስሙም «የጁምዓ ፊደል» ተባለ።

ጀሚላ ማዳሟ ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ፣ በር ዘግታ ትቀዳለች። «ለ ሁለት እግር አላት፤ እንደ ሰው ቀጥ ብላ ትቆማለች። መ መነጽር ናት። ሠ ሦስት እግር ያላት በርጩማ ናት፤ አትወድቅም።» ቀድታ በዋትስአፕ ለሱረያ ትልካለች፤ ሱረያ በጥቁሩ ስክሪን ገብታ ከፊደሉ ፎቶ ጋር ጣቢያው ላይ ታወጣዋለች። ልብስ የምትተኩሰዋም፣ መስኮት የምትወለውለዋም፣ ሕፃን የምታስተኛዋም ከሒጃቧ ሥር ማዳመጫ ሰክታ ትሰማለች። ሀጀር እንኳ ቁርኣኑን በአረብኛ ሲቀሩ ኖረው የአማርኛውን ፊደል በስተርጅና የያዙት ከጀሚላ አፍ ነው።

ችግሩ አንድ ነበር። የጣቢያው በር ቁልፍ ያለው ሱረያ እጅ ብቻ ነው።

ማርዋ ስትወለድ ይህ ታየ። ምጡ ከብዷት ሱረያ ሳምንታት ከአልጋ አልተነሳችም። አንድ ድረ ገጽ እውነተኛ መሆኑን ለስልኮች የሚመሰክርለት ሰርተፍኬት አለው፤ ጊዜው ሳያልፍ መታደስ አለበት። በዚያ መሃል የጣቢያው ሰርተፍኬት ጊዜው አለፈ። ሴቶቹ ስልካቸውን ሲከፍቱ ቀይ ጽሑፍ መጣባቸው። አንዷ ለማዳሟ ልጅ አሳየችው፤ ልጁ በአረብኛ «አደገኛ ነው ይላል» አላት። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። በሰው አገር «አደገኛ» የተባለ ነገር ማን ይነካል? ብዙዎቹ ከስልካቸው አጠፉት።

«ኢቃማው አልቆበት ተያዘ አሉ፤ ተርሒል ገባ» እያለች፣ ጣቢያውን የመኖሪያ ፈቃዱ አልቆ ሊባረር እንደታሰረ ሰው ቆጥራ፣ ጀሚላ ኋላ ሳቀችበት። ሱረያ ግን አልሳቀችም። ጣቢያው ሲመለስ ሴቶቹ በሙሉ አልተመለሱም። አንዲት ሴት የላከችው የድምፅ መልእክት እስካሁን ስልኳ ውስጥ አለ፤ «መ ላይ ደርሼ ነበር፤ በቃ፣ ለእኔ አልተባለም መሰለኝ» ይላል። ያቺ ሴት ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም።

አሁን ሱረያ እንደገና ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሟ የመጀመሪያውን አስታውሳ «ዘንድሮም ዕረፍትሽ ረጅም ነው» ብላታለች። ጀሚላ ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች ፊደሉን ከሀ ልትጀምርላቸው ነው። በዚህ ጊዜ መቋረጥ የለበትም። ስለዚህ ሱረያ ፓነል መምረጥ ነበረባት። ፓነል ማለት በጥቁሩ ስክሪን በትእዛዝ የሚሠራውን ሥራ በስዕልና በቁልፍ አድርጎ የሚያቀርብ፣ እንደማንኛውም ድረ ገጽ ስልክ ላይ የሚከፈት መቆጣጠሪያ ነው። ሰርተፍኬቱን ራሱ ያድሳል፤ ትምህርቱን ጀሚላ ራሷ ታወጣዋለች። ጥያቄው የትኛው ነው የሚለው ብቻ ነበር። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም «ከእኔ ወዲያ ላሳር» ይላል።

መጀመሪያ ታናሽ ወንድሟን ናስርን አማከረችው። ናስር ጅዳ፣ በኒ ማሊክ የሚኖር፣ ለነጋዴዎች ድረ ገጽ የሚያከራይ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው።

«ያ ኡኽቲ፣ ምኑን ትመርጫለሽ!» አላት። «ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ትልቁ ፓነል እያለ? እኛ ቢሮ ያለውን ጣቢያ ሁሉ በሱ ነው የምናስተዳድረው።»

«የኔ ማሽን ትንሽ ናት። ያንተ ፓነል ገና ዕቃውን ሲያራግፍ ግማሽ ቤቷን ይይዝባታል።»

«ማሽኗን ቀይሪያታ!»

«ማሽኗን ከምቀይር አንተን ብቀይርህ ይቀለኛል።»

«ወላሂ እናቴ እውነቷን ነው፤ ሰርቨሩን ልጅ አድርገሽዋል» ብሎ ዘጋ።

ሱረያ በራሷ ፈለገች። ዓይኗ የገባው ሁለተኛው ነበር። ገጹ አረብኛ ነው፤ ቀለሙ ያማረ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ። በነጻ የሚሰጠው ግን ለአንድ ባለቤት ብቻ ነው፤ አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል። «እነ ጀሚላ አንድ ቤት አይደል የሚሰበሰቡት? አንድ ቁልፍ ምን አነሳቸው» ብላ አሰበችና ጫነችው። ፓነሉ ለጥንቃቄ ሲባል በተከፈተ ቁጥር ስልክ ላይ ኮድ ይልካል። የስልክ ቁጥር ጠየቀ። ሱረያ ለጀሚላ ደወለች።

«የማንን ቁጥር ላስገባ?»

«የፎዚያን ነዋ!» አለች ጀሚላ። «ሌላ የማን አለ?»

በእርግጥም ሌላ አልነበረም። ጉለይል ቤት ውስጥ የአንዷ ኢቃማ ገና አልታደሰም፣ የሌላዋን ከፊሏ፣ በስሙ ያስመጣት አሠሪ፣ ይዞባታል፤ ወረቀቷ ሁልጊዜ የተስተካከለው ፎዚያ ናት። ስለዚህ ሁሉ ነገር በፎዚያ ስም ነው፦ የቤት ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የመጠጥ ውሃ የሚታዘዝበት አፕ፣ ፍሪጅ አናት ላይ ቻርጀር ሰክታ የምትኖረው አሮጌ የቤት ስልክ። አንዲት ሴት ወረቀት አላት፤ የቀሩት በእሷ ጥላ ይኖራሉ። ሱረያም ይህን እንግዳ አላለችውም። በእነሱም ቤት ቆጣሪው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአያቷ በሐሰን ስም ነበር፤ አያቷ ካረፉ በኋላ እንኳ ወረቀቱ እሳቸውን ሲጠራ ኖሯል። የፎዚያን ቁጥር አስገባችና ጨረሰች።

በመጀመሪያው ጁምዓ ጀሚላ ገጹን ስትከፍት አንዷ ከፍሪጁ አናት ኮዱን አነበበችላት። ጀሚላ አውራ ጣቷን ሰድዳ ትምህርቱን ጫነች፤ ከዚያ ለሱረያ ደወለች።

«ወጣ! ሱሩዬ፣ ወጣልሽ! እዪው!»

«አየሁት እት ጀሚላ፣ ማሻአላህ!»

ከኋላ እልልታው ቀለጠ። ጎረቤታቸው ግድግዳውን ደበደበች። «ሰርግ ነው፣ ሰርግ!» ብላ አንዷ ስትመልስላት ሱረያ በስልክ ሰማች። ያን ቀን ሆዷን ደግፋ ክፍሏ ውስጥ ተንጎራደደች፤ አሁን ብወልድም፣ ብተኛም ግድ የለም አለች።

ሳምንታት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ ፎዚያ የምሥራች ይዛ መጣች። አገር ቤት ታጭታለች። የመጨረሻ መውጫዋን፣ ኹሩጅ ኒሃኢ የሚሉትን፣ ከፊሏ ያለ ምንም ክርክር ጨርሶላታል። ጉለይል ቤት በደስታ ተቀወጠ። ጫማው፣ ሽቶው፣ ለእናቷ ብርድ ልብሱ በሻንጣ ታጨቀ፤ አንዷ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ሌላዋ ዚፑን ጎተተች። እያለቀሱም እየሳቁም ሸኟት። ከዚያ ሁሉ ሰው ስለ ቁጥሯ ያሰበ አንድም አልነበረም።

ፎዚያ ስትሄድ ኢቃማዋ ተዘጋ። ኢቃማዋ ሲዘጋ በስሟ የነበረው የስልክ መስመር ሞተ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ጀሚላ ስትደውል ሱረያ ድምፅዋን መጀመሪያ አላወቀችውም።

«ሱሩ፣ ውሃውም ትምህርቱም ከፎዚያ ጋር ሄዱ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውሃ ለማዘዝ ብንል አፑ ኮድ ልኬያለሁ ይላል፤ ፓነሉም ልኬያለሁ ይላል። ስልኳ ፍሪጅ ላይ እንደ ሬሳ ዝም ብላለች። አዲሶቹ ሴቶች ተሰብስበው ሠን ይጠብቃሉ፤ ምን ልበላቸው?»

ሱረያ ላፕቶፑን ሳበች። ሆዷ ገፍቶ ጠረጴዛው ጋ አላደርስ አላት፤ እናቷ ትራስ ደረቡላት። «ቢስሚላህ» አለች። አልሐምዱሊላህ፣ የጥቁሩን ስክሪን በር አልዘጋችውም ነበር። ገብታ ኮድ መጠየቁን አስቀረችና ትምህርቱን ራሷ አወጣችው። ቀላል ሥራ ነበር። ከጨረሰች በኋላ ግን እጇን ከቁልፎቹ ላይ አላነሳችም።

«ሆነልሽ አይደል?» አሏት ሀጀር።

«ሆነልኝ። ምጥ ላይ ብሆንስ ኖሮ፣ እምዬ?»

ሀጀር የልጃቸውን እግር ወደ ጭናቸው ስበው ያበጠውን ቁርጭምጭሚቷን ያሹላት ጀመር።

«ለስንት ሰው የሚሆን በር በአንድ ሰው ስም ቆለፍኩት» አለች ሱረያ። «ያውም በሚሄድ ሰው። እዚህ አገር ደግሞ የማይሄድ ማን አለ?»

«እንግዲያ ሂጂና እዪያቸው» አሉ ሀጀር። «እስካሁን ፓነሉን ነው ስታዪ የከረምሽው። እጃቸውን እዪ።»

በሚቀጥለው ጁምዓ አቡበከር በመኪና ጅዳ አደረሳት። ሦስት ስልክ ይዛ ነበር፤ የራሷን፣ የባሏንና የናስርን። ናስር ስልኩን ብቻውን አምኖ አልሰጥም ብሎ ራሱም ተከትሎ መጣ፤ ወንድ ነውና ከበሩ አጠገብ ጫማዎቹ መሃል ተቀምጦ ሻይ ተሰጠው። በሦስቱ ስልኮች ሦስት ፓነል ተከፍቷል፦ አንዱ የናስር ትልቁ፣ ሁለተኛው ያማረው አረብኛ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሱረያ መጀመሪያ መልኩን ጠልታ ያለፈችው፣ ግራጫ ቀለም ያለው ደረቅ ነገር። ናስር ለሙከራ ያህል ትልቁን ቢሮው ማሽን ላይ ከፍቶላታል።

«ምንም አላስተምራችሁም» አለች ሱረያ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ተደግፋ። «አንድ ድምፅ ጫኑልኝ። እኔ ዝም ብዬ ነው የማይ።»

ጀሚላ የናስርን ስልክ አነሳች። ትልቁ ፓነል በጣት አሻራ ነው የሚከፈተው፤ መጀመሪያ የእሷን ጣት እንዲመዘግብ ናስር አዘጋጀላት። አውራ ጣቷን አስቀመጠች፤ እምቢ አለ። ጠርጋ አስቀመጠች፤ እምቢ። አጠገቧ ለተቀመጠችው አቀበለቻት፤ የእሷንም እምቢ አለ። የቤት ውስጥ ሥራ፣ በረኪናውና ሙቅ ውሃው የጣታቸውን መስመር ልጦ ለስላሳ አድርጎታል፤ ማሽኑ የሚያነበው ነገር አላገኘም።

«አየሽ፣ ጣቴም ኢቃማ የለውም» አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ናስር ግን አልሳቀም። ጫማዎቹ መሃል እንደተቀመጠ የራሱን ጣት ገልብጦ አየ፤ «ይኸን አላሰብኩትም ነበር፣ ወላሂ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተማ ሰሃን አጥበህ ታውቃለህ?» አለችው ሱረያ።

«ኸላስ፣ ዛሬ አጥባለሁ።»

«ስሚ ጀሚላ፣ መስክሪ!»

«መስክረናል!» አሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ። ሻዩን ሲጨርስ ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ከፊቱ ደረደሩለት።

ያማረው አረብኛ ፓነል ላይ ደግሞ ሱረያ ሌላ ነገር አየች። የመጫኛው ቁልፍና የማጥፊያው ቁልፍ ጎን ለጎን ናቸው፤ ስልክ በአንድ እጅ ሲያዝ አውራ ጣት የሚያርፈው በቀጥታ ቀዩ ማጥፊያ ላይ ነው። ሴቶቹ እዚያ ሲደርሱ ጣታቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ይቀራሉ። ረውዳ የምትባል ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ስልኩ ሲደርሳት ጨርሶ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው ረውዳ?»

«ብሰብረውስ?»

«አይሰበርም።»

«የማዳሜ ልብስ ማጠቢያም አይሰበርም ተብሎ ነበር» አለች። ከሳቁት ውስጥ እንደሷ የተጮኸባቸው ብዙ ነበሩ።

ሱረያ ግራጫውን ከፈተችላት። ይህ አያምርም፤ አረብኛው እንኳ ግማሽ ድረስ ነው የተተረጎመው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ስም ይከፍታል፤ ለአንዷ የሚታየው ለሌላዋ እንዲደበቅ ይደረጋል። የተሰረዘ ነገር ቶሎ አይጠፋም፤ መጣያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኮዱንም በስልክ መስመር አይልክም፤ ስልኩ ውስጥ ያለ አፕ ራሱ ቁጥር ያወጣል። ሲም ቢሞትም፣ ቢቀየርም፣ ስልኩ እስካለ ይሠራል። ሱረያ ይህን ሁሉ መጀመሪያም አንብባው ነበር፤ ያን ጊዜ ለማን እንደሚጠቅም አልታያትም እንጂ።

ጀሚላ ወዲያው ገባት። «በይ እንግዲህ እንደ ማዳም ቤት አድርጊው» አለች። «አዲስ ሠራተኛ ስትገባ የቤቱ ቁልፍ በሙሉ አይሰጣትም። የማድቤቱ ይሰጣታል። ስትለምድ የዕቃ ቤቱ ይጨመራል። የመኝታ ቤቱ በመጨረሻ ነው።»

«የመኝታ ቤቱ ለኔ እስካሁን አልተሰጠኝም!» አለች አንዷ።

«አንቺ የማዳምን ሽቶ ትቀቢያለሻ!»

ሱረያ እየሳቀች ሠራችው። ለጀሚላ የዕቃ ቤቱን ሰጠቻት፤ ትምህርት ማውጣት፣ ማስተካከል፣ አዲስ ሴት ማስገባት ትችላለች። ለሌሎቹ የማድቤቱን ከፈተችላቸው፤ ድምፅና ፎቶ ጭኖ ጣቢያው ላይ ማውጣት ብቻ። ማጥፊያውን ደበቀችባቸው። ረውዳ ጋ ስትደርስ ስልኳን ተቀብላ ጠየቀቻት፤

«በምን ስም ላድርገው?»

«ምኑን?»

«የአንቺን ቁልፍ።»

ረውዳ ወደ ጀሚላ ዞር አለች። ሲሟ በጓደኛዋ ስም ነው፤ አልጋዋ በፎዚያ ስም ነበር፤ ወረቀቷ ከፊሏ ጋር ነው።

«በኔ ስም ይሆናል?» አለች።

«በማን ስም ሊሆን?»

«እንግዲያ ረውዳ በይው።»

ሱረያ ጻፈችና ስልኩን መለሰችላት። ልጅቱ ስክሪኑን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ በጣቷ ሳትነካው ከላይ ከላዩ እየተከተለች ስሟን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊደሉን ገና አልጨረሰችም፤ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ግን ታውቃታለች። ከዚያ ሳትጠየቅ ከስልኳ አንድ ድምፅ መርጣ ጫነች። ምን እንደሆነ ሲከፍቱት የቆሻሻ መኪና ድምፅ ሆኖ ተገኘ፤ በስህተት ቀድታው ነበር። ጀሚላ ወደ መጣያ ላከችው። ማንም አልጮኸም።

ሲመለሱ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። አቡበከር እየነዳ «መረጥሽ?» አላት።

«መረጥኩ። ግራጫውን።»

«አስቀያሚውን?»

«አዎን፣ አንተንም እንደዚሁ ነው የመረጥኩህ» አለችውና ዓይኗን ጨፈነች፤ መካ እስኪደርሱ ተኛች።

ልጁ ከተባለለት ጊዜ ቀድሞ መጣ። ሐሙስ ከሰዓት ሱረያን ሆስፒታል አስገቧት። ላፕቶፑ ቤት ቀረ፤ ስልኳ ሀጀር ቦርሳ ውስጥ ተዘጋ። ምጡ እንደ ፊተኛው ጨከነባት። ጁምዓ ረፋድ ላይ ግን ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ሲያለቅስ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው። ስሙንም በአያቷ ስም ሐሰን አሉት።

ሱረያ ከድካሟ ነቃ ስትል መጀመሪያ የጠየቀችው ልጁን ነው። ሁለተኛ የጠየቀችው ሰዓቱን ነው።

«ዙሁር ተሰግዷል» አሏት ሀጀር።

የትምህርቱ ሰዓት አልፏል ማለት ነው። «ጀሚላ አወጣችው?»

ሀጀርን መደበቁ አላዋጣቸውም። «ጀሚላ ትናንት ነው የደወለችው። ማዳሟ ቤተሰቡን ይዛ ድንገት ጣኢፍ ወጣች፤ እሷንም ወስደዋታል። ከሰው መሃል መቅዳት አልቻልኩም ብላለች። አንቺን እንዳላስጨንቅሽ አደራ አለችኝ።»

ሱረያ ትራሱ ላይ ወደቀች። ያ ሁሉ ምርጫ፣ ያ ሁሉ መንገድ። አዲሶቹ ሴቶች ዛሬ ረን ነበር የሚጠብቁት። ባዶ ገጽ ከፍተው፣ እንደዚያችኛዋ «ለእኔ አልተባለም» ሲሉ ታያት። «ስልኬን ስጪኝ፣ እምዬ።»

«ተኚ ልጄ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሀጀር መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን አውጥተው ለእሷ አልሰጡም፤ ራሳቸው ከፈቱት። በጣታቸው እየዳበሱ ጣቢያውን አገኙት። ፊታቸውን አስጠጉ፤ ከዚያ አራቁት፤ ከዚያ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው አዘነበሉ።

«አለ እኮ» አሉ።

«ምኑ?»

«ትምህርቱ። ረውዳ ይላል።»

ነክተው ከፈቱት። መጀመሪያ የመጣው የልብስ ማጠቢያ ድምፅ ነው። ከዚያ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው። ከዚያ ቀጭን፣ ፈራ ተባ የሚል ድምፅ፤

«አሰላሙ አለይኩም። እት ጀሚላ መንገድ ሄዳለች። እኔ ረውዳ ነኝ። እኔ ብዙ አላውቅም፤ የዛሬዋን ግን አውቃታለሁ። የዛሬዋ ረ ናት። ረ የመጋረጃ መንጠቆ ትመስላለች፤ መጋረጃ አውርዳችሁ ያጠባችሁ ታውቋታላችሁ። የኔ ስም በሷ ይጀምራል። ረ በሉ እስቲ…»

«ያ ረውዳ! ያ ረውዳ!» አለ ከሩቅ የሴት ድምፅ።

«ጠይብ ማማ፣ መጣሁ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ወደ ስልኩ ተጠግታ፤ «እናንተ ረ በሉ። እመለሳለሁ።» እግር ሲሮጥ ተሰማ። ማጠቢያው ብቻውን ሲዞር ቆየ። እሷ ቅጂውን አላቆመችም፤ ጣቢያው ላይ ስታወጣውም አልቆረጠችውም። ደግሞ እግር ሮጦ መጣ፤ «እህ፣ አላችሁ?»

ሱረያ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ፤ እየሳቀች ነበር። «ልየው፣ እምዬ።»

ሀጀር ስልኩን አዙረው አሳዩዋት። ረውዳ ፊደሏን በወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ጽፋ ፎቶ አንስታታለች፤ ፎቶው ግን ዞሮ፣ ረ በጎኗ ተጋድማለች። የሱረያ እጅ ሳታስበው ወደ ስክሪኑ ሄደ። ማስተካከል ለእሷ ምንም አይደለም፤ ገብታ አንድ ጊዜ ማዞር ነው።

ሀጀር ስልኩን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ተያት» አሉ። «እሷም እንዳንቺ ወልዳ ተኝታ ነው።»

ሱረያ እጇን መለሰች። ከጎኗ ሐሰን በጨርቁ ውስጥ ተንቀሳቀሰ፤ ወደ እሱ ዞረች። ሀጀር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ አንገታቸውን እንዳዘነበሉ፣ ቅጂውን ከመጀመሪያው መልሰው ከፈቱት። ረውዳ «በሉ እስቲ» ስትል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ረ!» አሉ።